የአጼ ፋሲል ዓይኖች

የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ የበቅሎ ኮቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ሥዕል እችላለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ፣ ኮልፌ ካለው የሠዓሊዎች ማኅበር ገባሁ። ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ አጼ ፋሲል ከነመኳንንታቸው፣ በብራና ላይ። መሃል ከተማ ያለው የመንግሥት መደብር ይረከበናል፣ ፈረንጅ ይገዛዋል።

ግድግዳችን ላይ ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚል ተለጥፏል። ብራናው ላይ ግን እንዲያ አልነበረም። ጀማሪ ኮቴና ሣር ይቀባል። ሲበረታ ወደ ጥላ ያዡና ወደ ጋሻ ጃግሬው ያድጋል። መኳንንቱ የነባሩ ሠዓሊ የከድር ናቸው። የንጉሡን ዓይን የሚነኩት ጋሼ ብዙነህ ብቻ ናቸው። ዓይን መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከተበላሸ ብራናው አለቀለት።

ኮቴ ላይ እስከ መቼ ነው የምቆየው ብዬ ከድርን ብጠይቀው፣ በቅሎዋ እስክትደክም አለኝ። እኔ ቀድሜ ደከመኝ።

ጥላ ያዥ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ጋሼ ብዙነህ ወደ ጥጋቸው የጠሩኝ። የያዙት ብሩሽ ይንቀጠቀጣል።

«ነይ እስቲ፣ ይቺን ዓይን ጨርሺልኝ» አሉኝ።

ጨረስኩላቸው። ከዚያ ወዲያ በየምሳ ሰዓቱ ሆነ። መጀመሪያ የላይኛው ቆብ በጥቁር፣ ከዚያ ነጩ፣ ከዚያ ብሌኑ ቆቡን ነካ አድርጎ። የእጃቸው ነገር ከታወቀ የማኅበሩ ሊቀ መንበር በር ላይ ዘበኛ ያደርጋቸዋል፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ሰው ከምሳ ሲመለስ ደግሞ እንዳይጠረጠር ይሰድቡኛል፤ ጥላሽ ተንጋዷል፣ ይህ ጥላ ነው ወይስ እንጉዳይ ይላሉ። ከድር ይስቃል። አንዳንዴ ያበዙት ነበር።

ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ ደረሰ። በስብሰባው ላይ ሊቀ መንበሩ ዓይኑን ማን ይረከብ ብሎ ጠየቃቸው። ትክ ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ጫማቸውን አዩ።

«ለጊዜው የሚችል የለም። ልምድ ይፈልጋል» አሉ።

እስከ ፌርማታው ሸኘኋቸው። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ብናገር፣ በሰው እጅ ሲሠራ ነበር ይሉኛል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ትደርሺበታለሽ።»

«የእርስዎ ስም ደረሰ። የእኔ ጥላ ይዞ ቀረ።»

አውቶቡሱ ሲመጣ ደግፌ አሳፈርኳቸው።

ከዚያ በኋላ ዓይን የሌላቸው ፋሲሎች ግድግዳ ሥር ተደረደሩ። ከድር ሞከረ፤ ንጉሡ ሸውራራ ወጡ። መደብሩ ጠዋት ማታ ስልክ ይደውላል። እኔ እሠራለሁ አልኩ፤ ግን በምሳ ሰዓት አይደለም፣ ሰው ሁሉ ባለበት ነው።

«ጥላ ያዧ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«አዎ ጓድ፣ ጥላ ያዧ።»

ሁሉም ሥራቸውን ትተው ከበው አዩኝ። ስጨርስ ከድር ብራናው ላይ አጎነበሰ።

«ወይ ጉድ፣ እጇ ቁርጥ የጋሼን» አለ።

የጋሼ ነው የእኔን የሚመስለው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ሰውዬው ዘነበወርቅ ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ ወሬው ሳይመሽ ይደርሳቸዋል።

ዛሬም የጋሼ ተማሪ ይሉኛል። መከራከሩ ሰልችቶኛል፣ ዓይኑን እሠራለሁ። ሰው ማገዝ ክፉ አይደለም፣ አግዙ። ስታግዙ ግን አንድ ሰው ይያችሁ።