ጥገኝነት የጠየቀው አውራ ዶሮ

ጁባ፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር ስኖር ነው። አንዲት እናት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ገዛሁና ከነባሮቹ ዶሮዎቼ ጋር ልቀላቅላት ግቢ ውስጥ ለቀቅኳት። አውራ ዶሮዬ ጫጩቶቹን እንዳይጨርስብኝ ዱላ ይዤ ቆሜያለሁ። እሱም ደረቱን ነፍቶ ቀረብ አለ። እናቲቱ ላባዋን አቁማ ዘለለችበት! ግቢውን ሙሉ አሯሯጠችው። እኔም በያዝኩት ዱላ "ኧረ በቃሽ! ልትገድይው ነው!" እያልኩ እሷን አባርር ጀመር። አውራው አጥር ዘሎ ጠፋ።

ጎረቤቴ ማማ ኛንዴንግ በጦርነቱ ዘመን ጋምቤላ ተሰደው የኖሩ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ብሄድ አውራዬ ጓዳቸው ተቀምጦ ማሽላ ይለቅማል።

"ይቅርታ እማማ፣ ልውሰደው" አልኳቸው።

በሳቅ ፈነዱ። "ተወው ልጄ! እኔ ከጦርነት ሸሽቼ አገራችሁ ስገባ ማን መለሰኝ?"