አጎቴ ያልቆጠራቸው ሰዎች

አጎቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሂሳብ አስተምሯል። በወረዳችን ማካፈል የሚችል ሰው ካገኛችሁ ወይ እሱ አስተምሮታል፣ ወይ እሱ ያስተማረው ሰው አስተምሮታል። የወረዳችንን ሕዝብ ቁጥር ያበላሸውም ይኸው ሰው ነው። ይህን ስናገር አንጀቴ እያረረ ነው፤ ስለምወደው ደግሞ ይብስብኛል።

ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። የሕዝብ ቆጠራ መጣና አስተማሪዎች ቆጣሪ ተደረጉ። ከእነሱ በፊት ግን ወሬ ደረሰ፤ «በሰው ቁጥር ግብር ሊጥሉ ነው፣ ጎረምሳውን ለውትድርና ሊወስዱት ነው» ተባለ። ሰዉ ልጁን መደበቅ ጀመረ። አጎቴ በየቤቱ ሲሄድ ደጃፉ ላይ ስምንት ጥንድ ጫማ ያያል፣ የቤቱ እመቤት ግን «እኔ፣ ባለቤቴና ሕፃኑ፣ ሦስት ነን» ትለዋለች። የተደበቁትን ልጆች የሚያስተምራቸው እሱ ነው። የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሚያምር ሳይቀር ያውቃል። መመሪያው «የቤቱ ባለቤት የነገረህን ጻፍ» ስለሚል የነገሩትን ጻፈ። ውለታ የዋለላቸው መስሎት ነበር።

እኛም ቤት መጣ። እናቴ ታላቅ እህቱ ናት። እኔንና ሁለቱን ወንድሞቼን ጎረቤት ሰደደችና ዓይኗን በጨው አጥባ «እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ብቻ ነን» አለችው። በዚያው ቀን ጠዋት የቤት ሥራዬን ያረመልኝ እሱ ነበር። «ሁለት» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር እላያችን ላይ ተቀመጠ። የአገሪቱ በጀት ለክልሎች የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛት ነው፤ የምክር ቤቱ ወንበርም እንደዚያው። ወሬው ሌሎቹንም ወረዳዎች አዳርሶ ስለነበር ክልላችን ሁለት ወንበር አጣ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ክልል ሁለት አገኘ። አስፋልቱም ፋብሪካውም ወንበሩን ተከትለው ወደዚያው ሄዱ። እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲከፈት የወረዳው ሕዝብ አርባ ሺህ መሙላት አለበት። በወረቀት ሃያ ስድስት ሺህ ነን። ስለዚህ ምጥ የጠናባትን ሴት ፒክአፕ ላይ አስተኝቼ ወንዙን ተሻግሬ የሦስት ሰዓት መንገድ እሄዳለሁ። የማዶው ሆስፒታል መዝጋቢ ገና ሲያየኝ «ደሞ መጣችሁ?» ይለኛል።

ሁለት ሴቶች መንገድ ላይ አርፈውብኛል። አንደኛዋ አብራኝ የተማረች፣ ያኔ ከተደበቁት ልጆች አንዷ ነበረች። ሳትቆጠር ኖራ ሳትቆጠር ሞተች። አጎቴ ከቀብሯ ሲመለስ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄዶ የድሮ የስም መጥሪያ ደብተሮቹን ከመጋዘን አወጣ።

እነዚያን ደብተሮች ተሸክሞ አራት ዓመት ዋና ከተማ ተመላለሰ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላኩት፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለዋን ቃል እስኪሰለቸው ሰማት። ባለፈው ዓመት አብሬው ሄጄ ስለነበር ነገሩን በዓይኔ አየሁት። የበጀት ባለሙያው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠን።

አጎቴ ደብተሩን ገለጠለት። «እነዚህ ልጆች ነበሩ። ይኸው ስማቸው፤ ቀሪ የሆኑበት ቀን እንኳ አለ።»

ባለሙያው የቆጠራውን ቅጽ ከፋይል አወጣ። «አባባ፣ ይሄ ደግሞ የሉም ይላል። ፊርማው የማን ነው?»

አጎቴ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «የኔ ነው።»

«ታዲያ የትኛውን እርስዎን ልመን?»

አጎቴ እዚያው ወረቀት ተቀብሎ ጥፋቱን በግማሽ ገጽ ጻፈና ፈረመ። መልሱ በወሩ መጣ፤ ቁጥሩ እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ ይጸናል፣ እሱም ከእንግዲህ ቆጣሪ አይሆንም። በዚያው ሰሞን የማዶው እንደራሴ በሬዲዮ «ሰው ሳይኖራቸው ገንዘብ ይጠይቁናል» ሲል ሰማሁት። ደሜ ፈላ። በጣም ያናደደኝ በወረቀት ካየነው ሰውየው አለመዋሸቱ ነው።

ዘንድሮ ቆጠራው ተመልሶ መጣ። አጎቴ መቁጠር ቢከለከልም ከቆጣሪዎቹ ሁለት ወር ቀድሞ ቤት ለቤት ዞረ። በየደጁ የራሱን ጉድ በራሱ አፍ እየተናገረ «እባካችሁ፣ ዘንድሮ አትደብቁ» አለ። ሰዉም ሰማው። እናቴማ በቆጠራው ቀን የክት ልብሷን ለብሳ በር ላይ ጠበቀች፤ አጎቴም መጥቶ ከእኔ ጋር አጠገቧ ቆሟል።

የመጣችው ቆጣሪ የእሱ ተማሪ የነበረች ልጅ ናት፤ ታብሌት ይዛለች።

«አምስት ነን» አለች እናቴ፣ ሳትጠየቅ።

«ትናንት እዚህ ያደሩት ስንት ናቸው፣ እማማ?»

ያደርነው ሦስት ነን። ወንድሞቼ ማዶ ፋብሪካ ከገቡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ልጅቷም ሰው የሚቆጠረው ባደረበት እንደሆነ በትሕትና አስረዳቻት።

እናቴ ወደ አጎቴ ዞረች። «አንተ ንገራት እንጂ። ያኔ ያሉትን ሳትጽፍ ሄድክ፤ ዛሬ የሌሉትን ብታስጽፍ ምን አለበት?»

ልጅቷ ጣቷን እንዳነሳች አየችው። «ቲቸር፣ ምን ልበል?»

አልዋሽም፣ «አምስት» እንዲል ፈልጌ ነበር። አርባ ሺህ ለመሙላት ይህንንም ያንንም ቤት እያሰብኩ ነበር። እሱ ግን ደጃፉ ላይ ያሉትን ጫማዎች አየ።

«እትዬ፣ አንዴ ይበቃኛል» አላት። ከዚያ ለልጅቷ፣ «ሦስት በይ።»

ውጤቱ ሲመጣ ሠላሳ ስምንት ሺህ ሆንን። ማዶ የገቡት ወጣቶቻችን እዚያው ተቆጥረው ለማዶ አንድ ወንበር ጨመሩ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ቀረ። እናቴ አጎቴን ማነጋገር ተወች፤ እኔም ሳምንት ሙሉ ፊት ነሣሁት።

በስምንተኛው ቀን ምጥ የጠናባት ሴት ፒክአፑ ላይ ሳስተኛ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከኋላ ወጣና ግሉኮሱን ከእጄ ተቀበለኝ። የሦስት ሰዓቱን መንገድ ክንዱን ሳያወርድ ከፍ አድርጎ ያዘው። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ የሴትየዋን ምጥ ተከታተልኩ።

መዝጋቢው ገና ሲያየን «ደሞ መጣችሁ? ስንት ናችሁ?» አለ።

«ሁለት» አለው አጎቴ። «እሷና ሆዷ ውስጥ ያለው። ሁለቱንም ጻፍ።»