ማርያም የሳመቻት ጥንዚዛ

በሠላሳ ዓመት የፎቶ ቤት ሕይወቱ አንድም ሰው እንደተፈጠረ አስወጥቶ አያውቅም። ብጉር ይደመስሳል፣ ጠባሳ ያለሰልሳል፣ አፍንጫ ያቃናል፤ ፈጣሪ የረሳውን እሱ ይጨርስለታል። ሰፈሩ «አሳማሪው» ያለው በከንቱ አይደለም። ስልክ መጥቶ ሁሉም ራሱን ማሳመር ሲችል ግን ደጁን የሚረግጥ ጠፋ።

በመጨረሻ የሰፈሩ የሳይንስ መምህርት ለክፍሏ ግድግዳ የአሥር ነፍሳት ፎቶ አማራትና ወደ እሱ መጣች። የመጀመሪያውን ከወደደችው ቀሪዎቹ ዘጠኙም የእሱ ናቸው፤ ካልወደደችው የፎቶ ቤቱን ታፔላ ማውረድ ነው። አሳማሪው ትንሹን አግዝፎ የሚያነሳ ሌንስ ገዛና ጓሮው ካለች ጽጌረዳ ሥር፣ ቅጠል ላይ ካረፈች አንዲት ቀይ ጥንዚዛ ፊት፣ በደረቱ ተኛ።

ጉዱ የፈላው እዚያ ነው። ሲተነፍስ ቅጠሉ ይወዛወዛል፤ የጥንዚዛዋ ዓይን ሲጠራ እግሯ ይደበዝዛል። «ቀና በይ! አገጭሽን ዝቅ!» ይላታል፤ እሷም እንደ ባለሥልጣን ጀርባዋን ሰጥታው ትሄዳለች። በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ብርድ አደንዝዟት ሳለ፣ ትንፋሹን ውጦ አነሳት። የእግሯ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል! ደስታው ወሰን አጣ፤ ወዲያው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። እጅ ልማዱን መች ይተዋል?

መምህርቷ ፎቶውን አየች፤ ደግማ አየች።

«ጋሼ፣ ነጥቦቿስ?»

«የቱ ነጥብ?»

«ጀርባዋ ላይ ሰባት ጥቁር ነጥብ አላት እኮ! የምትታወቀው በእሱ ነው።»

«እሱንማ... አጸዳሁላት።»

እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠችው። አሳማሪው ማጽናኛ ፍለጋ ፎቶውን ለሚስቱ አሳየ። ሽንኩርቷን አስቀምጣ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርጋቸውን ፎቶ አየች። እዚያ ላይ ጉንጯ እንደ ተላጠ እንቁላል ልስልስ ብሏል፤ ግራው ላይ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ምልክት የለችም።

«ምን ጎደላት? ልክ እንደኔ አድርገሃታል» አለችው።

«እንዴት እንዳንቺ?»

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹እህትሽ ናት?› ይሉኛል። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹አዎ› እላለሁ።»

አሳማሪው አፈረ።

ዓርብ ዕለት ጥንዚዛዋ ከነሰባት ነጥቧ ክፍሉ ውስጥ ተሰቀለች፤ ዘጠኙም ታዘዙ። እሱ ግን ሌንሱን ከካሜራው ሳይፈታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣት፤ ወደ ግራ ጉንጯም ተጠጋ።

«ፈገግ ልበል?» አለች።

«እንዳሻሽ» አለና ትንፋሹን ዋጠ።