መርዶዬን ያረዳኝ ሸርጣን አጥማጅ

ልጄ ነርስ ናት። ባሕሩ ላይ የተዘረጋውን ትልቅ ድልድይ አልፎ፣ መንገዱ ውኃ ላይ የሚያልቅባት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሥራ አገኘችና እኔም ሐበሻ የሞላበትን ሲልቨር ስፕሪንግን ትቼ ተከተልኳት። ዘመድ ሁሉ ተቆጣ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ የማይርቀው አሌክሳንድሪያ ያለው የአጎቴ ልጅ፣ በዕድሜ ታላቄ ነው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሐበሻ የሌለበት ጥግ ሄደህ ሐዘን ቢደርስብህ ማን አብሮህ ይቀመጣል?" አለኝ። "ሲደርስ አያለሁ" አልኩት። በዓል ሲመጣ ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ትወስደኛለች፤ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ዘመድ እጠይቃለሁ፣ እመለሳለሁ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ከተማዋ ብዙ ነገር የላትም። አንድ መንገድ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ፤ የቀረው ጀልባ ነው። ሰዉ ሸርጣን አጥምዶ ነው የሚያድረው። ጎረቤቴም ሸርጣን አጥማጅ ነው፣ እንደኔ ያረጀ፣ እንደኔ ግትር። በመጣን ሰሞን አንድ ቅርጫት ሙሉ የሚንፈራገጥ ሸርጣን በራችን ላይ አስቀመጠልን። እኔ ሸርጣን አልበላም፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም። ተሸክሜ ወስጄ መለስኩለት። በማግስቱ ደግሞ አመጣ። ደግሞ መለስኩ። ልጄ ሄዳ ባታስረዳው ኖሮ እስከ ዛሬ እንመላለስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቲማቲም ማምጣት ጀመረ፤ ቲማቲሙን ተቀበልኩ።

አምና ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ አገር ቤት ያለችው እኅቴ ሞተች። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው አሌክሳንድሪያ ነው። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚያረዳው። ልጄ ሰምታ ደብቃኛለች። "ፊትሽ ምን ሆነ?" ስላት "ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አባዬ" ትለኛለች።

አራት መኪና ሙሉ ሰው መጣ። ልጄ ከሌሊት ሥራዋ ስትወጣ ጠብቀዋት አብረው ሊገቡ ነበር የተቀጣጠሩት፤ እነሱ ቀድመው ደረሱ። እዚህ አካባቢ የእጅ ስልክ ኔትዎርክ የለም፣ ቤቱ ሁሉ ነጭ ነው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። መብራት የበራበት አንድ ቤት አዩ። "ለጸሎት ማልዶ ይነሳል፣ ቤቱ ይሄ ነው" አለ የአጎቴ ልጅ፤ አንኳኩ። ለካ የጎረቤቴ ቤት ነው። ወደ ጀልባው ሊሄድ ቦቲውን እያጠለቀ ነበር። በሩ ገርበብ ከማለቱ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ሴቶች የከፈተውን ሰው ሳያዩ እዬዬውን ለቀቁት።

ይህን ሁሉ በኋላ ነው የነገሩኝ። አንዲት ልጅ ከመሐላቸው በእንግሊዝኛ አስረዳችው። "ስልክ የለውም እንዴ?" አለ አሉ። "አለው፣ በስልክ አይሆንም" አለችው። ጃኬቱን ደርቦ "ተከተሉኝ" አላቸው።

እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ። በሩን ስከፍት ጎረቤቴ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆሟል። "ምነው፣ በደህና?" አልኩት በአማርኛ። እኔ በአማርኛ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ነው ሁልጊዜ የምንነጋገረው። "ዩር ሲስተር" አለኝ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ሶሪ" አለ። ያኔ ከኋላው ያሉትን ነጠላዎች አየሁ። ደግፎ ወደ ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው።

የአጎቴ ልጅ ንዴቱ እስከ ዛሬ አልበረደለትም። ያን ዕለት እንኳ፣ እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ እያነባሁ፣ "ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰናዳ መጥቼ፣ ይሄ ፈረንጅ ቀማኝ! ማን ተናገር አለው?" ይላል። ከሁላችን የምትበልጥ አንዲት ባልቴት "አንተማ ቤቱንም አላገኘኸው፣ ዝም በል!" አለችው። በለቅሶዬ መሐል ሳቅ አመለጠኝ።

ቤታችን ያለው ወንበር አራት ነው። ጎረቤቴ ጠፍቶ ቆየና ፒካፑን በታጣፊ ወንበር ሞልቶ ከእሳት አደጋ ጣቢያ መጣ። ከተማው ሰማ። አንዱ ሾርባ፣ አንዷ ዳቦ፣ የሱቋ ሴትዮ ደግሞ ትሪ ሙሉ ሸርጣን ይዛ መጣች። ዘመዶቼ እርስ በርሳቸው ተያዩ። "ዛሬ ምንም ነገር እንዳትመልሱ" አልኩ፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

ሲመሽ ሊሄዱ ተነሱ። ታክሲ የሚነዳው አለ፣ ፓርኪንግ የሚሠራው አለ፣ ነገ ሥራ ነው። የአጎቴ ልጅ "ሻንጣህን አምጣ" አለኝ። "ልጅህ ሥራ ትገባለች፤ ባዶ ቤት ከግድግዳ ጋር ልታለቅስ ነው? ከእንግዲህ አሌክሳንድሪያ እኔ ጋ ነህ።" አልዋሽም፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ለቅሶ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ግን እሺ ማለት አልሆንልህ አለኝ። "ዛሬ እዚሁ ልደር፣ ነገ እመጣለሁ" ብዬ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ፤ ጎረቤቴ ነው። ገብቶ አንዱን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ልጄን "አንቺ ነሽ የጠራሽው?" አልኳት። "አይ፣ አባዬ። ትናንት እስከ መቼ ነው የምትቀመጡት ብሎ ሰዎቹን ጠይቆ፣ ሦስት ቀን ነው ብለውታል።" ጀልባውን አስሮ ነው የመጣው። እኔም ስለ እኅቴ አወራሁለት፤ ስትስቅ እንዴት አፏን በእጇ እንደምትሸፍን፣ እኔን ከአባታችን ዱላ እንዴት እንደምታስጥለኝ፣ ሁሉንም በአማርኛ። ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ።

ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ልጅ በቤት ስልኩ ኮል አደረገ። "የት ደረስክ?"

"ለቀስተኛ ይዣለሁ፣ ጥዬ አልወጣም።"

"የምን ለቀስተኛ?"

"ጎረቤቴ። ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብሏል።"

"እንግዲያው ምን አበላችሁት?" አለኝ። ስለ አሌክሳንድሪያ ከዚያ ወዲያ አላነሳብኝም።

ጎረቤቴ በሦስተኛውም ቀን መጣ፤ የሱቋን ሴትዮ ይዞ። ለቅሶው አልቆ በማግስቱ ማለዳ የጀልባው ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። እኔም ለጸሎት ቆምኩ። እኅቴን አስቀደምኩ፣ እሱን አስከተልኩ። የክርስትና ስሙን አላውቅም፤ ሰው የሚጠራበትን ጠራሁለት።