ጉንጩ ላይ ሚዛን ያለበት አንበሳ

እኔ የምሰበስበው ሳንቲም ላላወቀበት ከሌላው ሳንቲም አይለይም። ይለያል ብዬ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ! የአንድ ብር ሳንቲም ሲሠራ ሁለት ማተሚያ ብረቶች ከላይና ከታች ይመቱታል፤ አንዱ አንበሳውን፣ ሌላው ሚዛኑን ያትማል። አንዳንዴ መሃላቸው ምንም ሳይገባ ብረቶቹ ባዶ ለባዶ ይላተማሉ። ያኔ የአንዱ መልክ ሌላው ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ ያንን ጠባሳ ይዞ ይወጣል። የእኔ አንበሳ ጉንጩ ላይ የሚዛን ጥላ ነበረበት። በጠዋት ፀሐይ፣ በአጉሊ መነጽር፣ ትንሽ አዘንብሎ ላየው ይታያል። እናቴ አዘንብላ አየችውና ቆሽሿል አለችኝ።

እሱን ለማግኘት ሦስት ዓመት ለፍቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለምጽዋት የሚሆን ሳንቲም የሚዘረዝሩ ሰዎች አሉ። እኔ ከሰበታ ተነስቼ ቡራዩም ሱሉልታም ንግሥ በዋለ ቁጥር እሄዳለሁ፤ ብሬን አዘረዝርና ነዳያኑን እያለፍኩ ታክሲ እሳፈራለሁ። ሱሉልታ ያለው ዘርዛሪ ጤንነቴን ተጠራጥሮ ጸበል ጠቁሞኛል። አልተቀየምኩትም።

ያገኘሁትን ሁሉ በወተት ቆርቆሮ አስቀምጥ ነበር። አንድ እሑድ እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ እያለቀሰች ጉልበቴን ሳመችኝ። የአባቴ ሙት ዓመት ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ ግን ቆርቆሮውን አይታ፣ ልጄ ለአባቱ ነፍስ ሲያጠራቅም ከርሟል ብላ፣ ሳንቲሙን አንድም ሳታስቀር ለነዳያን አድላው መጥታለች። ቆርቆሮውንም አጥባዋለች።

ምን ይዋጠኝ? በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለእያንዳንዱ ሳንቲም አሥር ብር እሰጣለሁ አልኩ። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ጉድ ፈላ! አንድ ወፈፌ አሥር ብር በአንድ ብር ይለውጣል ተባለና ሰልፍ ተያዘ። ነዳያኑ ብቻ መስለውኝ ነበር፤ ጧፍ ሻጯም ተሰለፈች፣ ባጃጅ ነጂውም ባጃጁን አቁሞ ተሰለፈ። ሳንቲም ዘርዛሪው ራሱ ከነከረጢቱ መጣ። እኔ መንገድ ዳር ተንበርክኬ አንበሳ በአንበሳ ላይ አገላብጣለሁ፣ የእኔው የለም። ላብድ ምንም አልቀረኝም።

ያልተሰለፉት ግንቡ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ለማለት አካም ቡልተን ኦቦ ብዬ ጎንበስ አልኩና የያዙትን ሳንቲም እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ጣታቸውን ከፈቱ። አዘንብዬ አየሁት። እሱ ነው!

ይሄ እናቴ ለአባቴ ነፍስ የመጸወተችው ነበር፣ በስህተት ነው የተሰጠው ብዬ ብሬን ዘረጋሁላቸው።

«ውሰደው ልጄ» አሉ። «ለአባትህ ያልኩት ነፍስ ይማር ግን ሄዷል። እሱን ከየት አምጥቼ ልመልስልህ?»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሳንቲሙን ግን ኪሴ ከተትኩት፤ ምን እዋሻለሁ።

ሽማግሌው ብሩን ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩትና፣

«ይኸኛውስ ለማን ነፍስ ነው? የክርስትና ስም ንገረኝ» አሉ።

ለአባቴ ልል አፌን ከፈትኩ። የክርስትና ስሙ ጠፋኝ። ሰልፉ ሁሉ ያየኛል፣ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይጠብቃሉ፣ እኔ የአባቴን ስም አላውቀውም። ሲጨንቀኝ የራሴን ሰጠኋቸው።

ሽማግሌው በስሜ ጀመሩ። ነፍሱን ይማር፣ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፈው፣ ኃጢአቱን አይቁጠርበት እያሉ አንድም ሳያስቀሩ ጸለዩልኝ። እኔም እንደ ቀባሪ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ሰማሁ።

ሲጨርሱ ከኋላዬ አንድ ሰው «አሜን» አለ። ዞር ስል እናቴ ናት።