የምደባዬ ግዝት

አሁን በምኖርባት የቦትስዋና ከተማ፣ በሽተኞቼ የት እንደተማርኩና ስንት እንዳመጣሁ ጠይቀውኝ አያውቁም። ነጩን ጋውን ካዩ ይበቃቸዋል። እኔ ግን ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ዛሬም ድረስ "ምን ሰምቶ ይሆን?" እላለሁ። ይህን ጠባይ ያወረሰኝ ማትሪክ የተፈተንኩበት ክረምት ነው።

ውጤቴ ዝቅተኛ ነበር። አማርኛና ባዮሎጂ ደህና ነበሩ፤ ሒሳብና ፊዚክስ ግን ጎትተው አወረዱኝ። ቢቀናኝ የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ካልሆነም ላሊበላ እናቴ ዘንድ ተቀምጬ ጥጥ መፍተል ነው ብዬ ቆርጫለሁ። ምደባው ሲመጣ ትምህርት ቤቴ ወዳለበት ወልዲያ ወርጄ አየሁት። ከክፍላችን አንደኛ የወጣው ልጅ እርሻ ደርሶታል። እኔ ሕክምና።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እኔው ነኝ። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ደጋግሜ አነበብኩና ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

"ጋሼ፣ ስህተት ሳይሆን አይቀርም።"

"ስህተት አይደለም። ከበላይ የመጣ ነው" አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

በዚያ ዘመን "ከበላይ" የተባለ ነገር ደስ አያሰኝም። ያስፈራል።

ላሊበላ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽተው ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የተደበቁ ሁለት ዲያቆናት ታፍሰው ተወስደዋል። የት እንደተደበቁ የሚያውቀው የካህናት ቤተሰብ ብቻ ነበር። አባቴ ደግሞ ቄስ ነው። ሰው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ለማሰር ጊዜ አልወሰደበትም።

ምንጭ ወርጄ ሴቶቹ መካከል ስቆም አንዷ "ኧረ መንገድ ልቀቁ፣ ጓዲት ሐኪም መጣች!" አለች።

"እኔስ እንዳትመረምረኝ እፈራለሁ እቴ" አለች ሌላዋ። "ሆዴ ውስጥ ያለውን አይታ ለካድሬው ብትነግርብኝስ?"

ሳቁ። ከተወሰዱት ያንደኛው ዲያቆን እናት ግን አልሳቀችም። እንስራዋን ሳትሞላ አዝላ ሄደች።

ማታ አባቴ አስቀመጠኝ። "ከካድሬዎቹ ጋር ምን አለሽ?"

"ምንም የለኝም፣ አባባ።"

"በማተብሽ?"

"በማተቤ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። በማግስቱ የንስሐ አባታችን ዘንድ ይዞኝ ሄደና ስለ ምደባዬ ግዝት እንዲያወጡ ለመነ። በእኛ አገር ግዝት ከወጣ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ታሰረ ማለት ነው፤ ተናዝዞ እስኪፈታ ድረስ አይቆርብም።

"ሰፋ አድርገው ይገዝቱልኝ፣ አባ። ዲያቆናቱን የጠቆመ ብቻ አይበሉ። በምደባዋ በማንኛውም መንገድ እጁ ያለበት ሁሉ ይካተት። የልጄ ስም ከሐሜት የሚጠራው እንደዚያ ሲሆን ነው።"

"ቄሴ፣ ያስቡበት። አንዴ ከወጣ በኋላ ይተዉት ቢሉኝ አልተወውም።"

"ቤቴን አውቀዋለሁ" አለ አባቴ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱ ወጣ። "በዚህች ልጅ ምደባ የተናገረ፣ ያስነገረ፣ እያወቀ የሸሸገ፣ በሥላሴ ቃል የታሰረ ይሁን!" እኔ የማን ፊት እንደሚለዋወጥ እየሰለልኩ ነበር። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯን አየሁ፤ ለካድሬው ቤት ያከራየውን ሰው አየሁ። እናቴን አላየኋትም። ማን እናቱን ይጠረጥራል?

የፍልሰታ ሱባኤ አለቀና የቁርባኑ ቀን ደረሰ። አባቴና እናቴ በቁርባን የተጋቡ ናቸውና እናቴ በፍልሰታ ሳትቆርብ ቀርታ አታውቅም። የዚያን ዕለት የሚያቆርበው አባቴ ነው። ሕፃናቱና ወንዶቹ አለፉ፣ ሴቶቹ ቀጠሉ፤ የሴቶቹ ሰልፍ ሲያልቅ አባቴ ቀና ብሎ ፈለጋት። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ የቤተ ክርስቲያኑን ዓለት ተደግፋ ቆማለች። ሁላችንም አየናት። የዲያቆኑ እናትም አየቻት።

ቤት እንደገባን ወደ ጓሮ ይዣት ዞርኩ።

"እማዬ፣ ስለ ዲያቆናቱ ተናግረሻል?"

"በስመ አብ! የሰው ልጅ ልሸጥ?"

"ታዲያ ለምን አልቆረብሽም?"

መሬት ላይ ተቀመጠች። "ድርቅ ከመታው አገር ሴት ልጅ ለሕክምና ትምህርት እየፈለጉ ነው ሲባል ሰማሁ። ከአውራጃው ማትሪክ የተፈተነች ሴት ካንቺ ሌላ ማን አለ? ካድሬው ዘንድ ሄድኩ። 'የቄስ ልጅ ናት፣ ንቃት የላትም' አለኝ። ምን ልበለው? 'ኧረ ጌታው፣ እሷማ ቄስ ከጠላች ቆየች፤ ጾም አትጾም፣ ማተቧንም በጥሳ ጥላለች' አልኩታ።"

"እኔን?"

"አንቺን" አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ግዴታ ያልሆነውን የጽጌን ጾም ሳይቀር የምጾመውን! ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ።

በማግስቱ ለንስሐ አባታችን ተናዘዘች፤ ቀኖናዋን ተቀበለች። እሳቸውም እሑድ "ግዝቱ ተፈትቷል" ብለው ብቻ ዝም አሉ፤ የንስሐ ነገር አይወጣም። ሕዝቡ ደግሞ "ተፈታ ከተባለ ነገርማ ነበረ" አለ። ስሜን ያጠራል የተባለው ግዝት ጭራሽ አጠቆረው።

እናቴ ሁሉን ነግራው ነበርና፣ አባቴን "ለዲያቆኑ እናት እንኳ እውነቱን እንንገራት" ብዬ ለመንኩት።

"ነገ ካድሬው ጆሮ ይገባል። ምደባሽ ይሰረዛል፤ እናትሽም ዋሽታ አታለለችን ተብላ ትታሰራለች" አለኝ። እሱም ከዚያ በኋላ በየሄደበት የሰው ዓይን ጎኑን እየወጋው ዝም እንዳለ ኖረ።

የምሄድ ዕለት እናቴ አዲስ ጥቁር ማተብ አሰረችልኝ። "ለሰውየው የነገርኩትን እውነት እንዳታደርጊብኝ" አለችኝ። ከዚያ የቀሚሴን አንገት እስከ ላይ ቆለፈችው። "የጋሸናን መገንጠያ እስክታልፊ ግን አይታይ።"

የእርዳታ እህል አራግፎ የሚመለስ መኪና ተገኝቶልኛል። ካድሬው ሊሸኘኝ መጥቶ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ልሳፈር ስል የዲያቆኑ እናት ከሰው መሀል ወጥታ ፊቴ ቆመች። ፊቴን ሳይሆን አንገቴን ነው ያየችው።

"ማተብሽስ?" አለችኝ።

ካድሬው ዞር ብሎ አየን። እጄ ወደ አንገቴ ሄደና ቁልፉ ላይ ቀረ።

"ገባኝ" አለችና ዞራ ሄደች።

ጋሸናን እንዳለፍን ቁልፉን ፈታሁት። መኪናው ላይ ከሾፌሩና ከባዶ ጆንያ በቀር የሚያየኝ አልነበረም።