በዕጣ የተከፈለው ክፍል

ክልሉ ገና ሲቋቋም አሶሳ ከተመደቡት ሠራተኞች አንዷ ነበርኩ። ሥነ ልቦና ተምሬ በተመረቅኩ ማግስት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርና የተማሪዎች አማካሪ ሆንኩ። ለጊዜው ብዬ ከአንድ የበርታ ተወላጅ ነጋዴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁና እዚያው ዓመታት ኖርኩ።

ነጋዴው አንደኛ ክፍል የገባች ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ቤት ውስጥ አፏ አያርፍም። ፍየሎቹን ትቆጣለች፣ እናቷን ታስቃለች፣ የጎረቤት ልጆች ሰብስባ በበርታ ቋንቋ ተረት ታወራለች። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። በአማርኛ ሲጠይቋት ዴስኩን እያየች ዝም ነው። እንደሷ ዝም የሚሉ ብዙ ነበሩ።

ርዕሰ መምህሩ ከወለጋ የመጡ፣ ለሥራቸው የሚጨነቁ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አስጠሩኝ።

«እነዚህ ልጆች አእምሯቸው ገና ነው» አሉኝ። «ለይተን፣ ቀስ ብለው የሚማሩበት ክፍል ልንከፍትላቸው አስበናል። አንቺ የተማርሽው ይኼንኑ አይደል? ፈትነሽ አረጋግጪልን።»

ደነገጥኩ። አንዴ «ዘገምተኛ» የተባለ ልጅ ከዚያ ስም በቀላሉ እንደማይወጣ አውቃለሁ።

«ያልገባቸው ትምህርቱ ሳይሆን ቋንቋው ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ሊሆን ይችላል። ግን በአፍ አይሆንም፤ አሳዪኝ።»

አብሮኝ የሚያስተምር፣ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል የሚናገር የአሶሳ ልጅ ነበር። ከእሱ ጋር መከርን። ጠረጴዛ ላይ ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ የማንጎ ፍሬና የበቆሎ ቆረቆንዳ ተደርድሮ ተፈታኙ ልጅ በደንብ ያየዋል፤ ከዚያ ዕቃው ይቀላቀልና መልሶ እንደነበረው ይደረድራል። ለግማሾቹ ጨዋታው በአማርኛ ይነገራል፣ ለግማሾቹ በበርታ። የሚነግራቸው ያው እሱ ነው፤ ሰው ከተለያየ ልዩነቱ የቋንቋው ይሁን የሰውየው አይታወቅም። እኔ ውጭ እቆይና ልጁ ሲጨርስ ገብቼ ውጤቱን እይዛለሁ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረው ግን አላውቅም። ማን በየትኛው እንደሚሆን ዕጣ ይለየዋል፤ ዕጣውንም የሚያወጣው እሱ ነው።

ወሬው ግቢያችን ደረሰ። ማታ ነጋዴው ክፍሌ በር ላይ ቆመው ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛቸው ተናገሩኝ።

«አስተማሪ፣ ልጄ ሰነፍ አይደለም። ወላሂ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ይጠየቅ።»

«እኔ ከመረጥኩ ጎበዞቹን መርጣ ነው ይሉኛል። ያኔ ለእሷም ለሌሎቹም አይጠቅምም። ዕጣው ይወስን። ደግሞ በሁለተኛው ዙር ቋንቋው ይቀያየራል፤ የሚቀር ልጅ የለም።»

«አንቺ እኛ ቤት ነው የምትኖረው» አሉኝ ቅር ብሏቸው፤ ሄዱ።

በፈተናው ቀን ተራዋ ደርሶ ስገባ ልጅቷ ማንኪያውን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ሌላው ዕቃ እንደተቀላቀለ ነው፣ አልተነካም። የትኛው ዕጣ እንደደረሳት ሳይነገረኝ ገባኝ። አባትየው በዚያ ሳምንት ሰላምታዬን የመለሱት አንገታቸውን ነቅንቀው ብቻ ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን ልጅቷ እንደ ወትሮዋ ክፍሌ ድረስ ዘው ብላ መምጣቷን መተዋ ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆን? በሁለተኛውም ዝም ካለች በራሴ እጅ «ዘገምተኛ» ብዬ መዘገብኳት ማለት ነው።

ለሁለተኛው ዙር ጨዋታውን ቀየርን፤ ትልልቅና ትንንሽ ጠጠሮችን በቀለማቸው መለየት ነበር። ርዕሰ መምህሩም መጥተው ውጭ ከእኔ ጋር ቆሙ። የእሷ ተራ ሲደርስ ከውስጥ የልጅ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ። ስንገባ ቀዩ ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ ተከምሯል። እሷ ግን አልበቃትም፤ ከየክምሩ ትልልቆቹን ከላይ እያደረገች ነበር።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። አንድ ልጅ በገዛ ቋንቋው እየተነገረው አለቀሰ፤ ገበያ የሚውሉ አንዳንዶች ደግሞ በአማርኛውም ጎበዞች ነበሩ። በጥቅሉ ግን ልዩነቱ የሚያከራክር አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ያም ሆኖ አንድ ጥያቄ አነሱ።

«ሁለተኛ ጊዜያቸው ስለሆነ ለምደው ቢሆንስ?»

ጥያቄው ደስ አለኝ፤ ተዘጋጅቼበት ነበርና። «መልመድ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ በበርታ ተነግሯቸው የሠሩትም ዛሬ ይሻሻሉ ነበር። እነሱ ግን ዛሬ በአማርኛ ሲነገራቸው ወደ ኋላ ቀሩ። ይኸው ይመልከቱት።»

ደጋግመው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እንግዲያው ያ ክፍል ይቅር» አሉ። «እኔኮ ልረዳቸው ብዬ ነበር። እግዜር አተረፈን።» ወደ ባልደረባዬ ዞረው፣ «አንተ ከሰኞ ጀምሮ አንደኛ ክፍል ግባና በቋንቋቸው አስተምርልኝ» አሉት።

ወደ ቤት ተመለስኩ። ነጋዴው በር ላይ ነበሩ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«አልሃምዱሊላህ» አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ተቆጥቼ ነበር። ዕጣው ልክ ነው። እኔ ብመርጥ ልጄን ብቻ ነበር የማወጣው።»

ሚስታቸው ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡልኝ። ከሰሞኑ ምግብ የሚባል ነገር አልወረደልኝም ነበር። የዚያን ቀን ግን ግድግዳውን ተደግፌ፣ ሌላ የሚጠብቀኝ ሐሳብ ሳይኖር፣ እስክጠግብ በላሁ።